በራሳችን ላይ እንድንመሰክር አንገደድም!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ዝም የማለት መብት አለው። ህገ መንግስቱ በግልፅ ፅፎለታል። በምንም ወንጀል ያልተጠረጠረ ሰው ግን በመስሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በወረዳው ፅህፈት ቤት «ለማጣራት» ተጠርቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይህ መብት እንዳለው የሚነግረው የለም። የሚነገረው ተቃራኒው ነው፤ «መልስ ካልሰጠህ ጥፋትህን አምነሃል ማለት ነው» ይባላል። የታሰረው ካልታሰረው የተሻለ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ውድ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች!

የጥሪ ወረቀቷን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ሁለት መስመር ናት። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለምንፈልግዎ ጉዳይ ይቅረቡ ትላለች። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አትናገርም። አንዳንዴ ወረቀትም የለ፤ ስልክ ተደውሎ «ለአስር ደቂቃ ብቅ በል» ይባላል። ተጠሪው ሲደርስ ሶስት አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይጠብቁታል። አንደኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ስም ይመዘገባል፣ ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል።

ተጠሪዋ ተማሪ ከሆነች፣ የሒጃቡን አቤቱታ ማን እንዳስተባበረ፣ ፊርማውን ማን እንዳሰባሰበ ትጠየቃለች። ተጠሪው የመንግስት ሰራተኛ ከሆነ፣ ጁሙዓ ዕለት ከሶላት በኋላ የት እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደቆመ ይጠየቃል። ኢማም ከሆነ፣ ኹጥባውን ማን እንዳዘጋጀለት፣ መስጂዱ ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ፣ የመስጂዱ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል።

ጥያቄዎቹን ልብ ብለን እንያቸው። የሚጀምሩት ከስራ ሰዓት፣ ከደንብ ልብስ፣ ከግቢ ስርዓት ነው። ሶስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ስለ ስራ ሰዓት መሆናቸው ያበቃል። «ማን ሰበሰባችሁ?» የሚል ጥያቄ የመስሪያ ቤት ጥያቄ አይደለም፤ የወንጀል ምርመራ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ግን መርማሪ አይባልም፤ ኮሚቴ ነው የሚባለው። ተጠያቂውም ተጠርጣሪ አይባልም፤ «መረጃ ሰጪ» ይባላል። ስሙ ሲለወጥ መብቱም አብሮ ይጠፋል።

ህጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ህገ መንግስት በአንቀፅ 19 ንዑስ አንቀፅ 2 ላይ የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። በንዑስ አንቀፅ 5 ደግሞ የተያዘ ሰው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። አንቀፅ 20 ንዑስ አንቀፅ 3 ለተከሰሰ ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ይሰጣል፦ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንፁህ መቆጠርን፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አለመገደድን።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህግ ከህገ መንግስቱ ሰላሳ ሶስት ዓመት ቀድሞ ተመሳሳይ ነገር ፅፏል። አንቀፅ 27 ፖሊስ የያዘውን ሰው ብቻ ሳይሆን በመጥሪያ ያስመጣውንም ሰው ይመለከታል። ሰውየው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም፤ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚናገረው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ይነገረዋል። አንቀፅ 31 ደግሞ በተስፋ፣ በማስፈራሪያ ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ መንገድ ቃል መቀበልን ይከለክላል። አገራችን የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀፅ 14 ላይ በወንጀል የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር ወይም ጥፋቱን እንዲያምን እንዳይገደድ ያዛል። በህገ መንግስቱ አንቀፅ 9 መሰረት ኢትዮጵያ ያፀደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ህግ አካል ናቸው።

መልካም ህግ ነው። ቃላቱን ግን እንቁጠራቸው። «የተያዘ»፣ «የተከሰሰ»፣ «ፖሊስ ያስጠራው» ነው የሚሉት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። «እኛ ፖሊስ አይደለንም፣ አንተም ተከሳሽ አይደለህም፣ ስለዚህ የምታወራው መብት እዚህ አይሰራም» ይላል። በፊደል ደረጃ ሲታይ ክርክሩ መልስ የሌለው ይመስላል።

መልሱን የምናገኘው ግን ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ስንከተል ነው።

ወረቀቱ የት ይሄዳል?

በመንግስት ሰራተኞች ህግ የዲሲፕሊን እርምጃ የወንጀል ክስን ውሳኔ አይጠብቅም። አንድ ሰራተኛ በአንድ ድርጊት በመስሪያ ቤቱም በፍርድ ቤትም ሊጠየቅ ይችላል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። መስሪያ ቤት የስራ ጥፋትን፣ ፍርድ ቤት ወንጀልን ይመለከታል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ መንገዶች በአንድ ወረቀት ሲገናኙ ነው። በመስሪያ ቤት የተያዘው ቃለ ጉባኤ ክብ ማህተም ይመታበትና የመንግስት ሰነድ ይሆናል። ፖሊስ ሲጠይቅ በደብዳቤ ይላካል። ከዚያ በዐቃቤ ህግ መዝገብ ውስጥ «ተከሳሹ በመስሪያ ቤቱ ቀርቦ በፈቃዱ ያመነበት» ተብሎ ብቅ ይላል። ማንም በዚያች ክፍል ውስጥ ዝም የማለት መብት እንዳለው አልነገረውም። ቃሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አልነገረውም። ጠበቃ አልነበረውም። የነበረው እንጀራውን የማጣት ስጋት ነው። ፖሊስ ራሱ ቢጠይቀው ኖሮ ሊከበርለት የሚገባው መብት ሁሉ፣ ጥያቄው በሌላ ሰው አፍ ስለቀረበ ብቻ ታለፈ።

ስለዚህ «ይህ ችሎት አይደለም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ወረቀቱ ከክፍሉ እስካልወጣ ድረስ ብቻ ነው። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከገባ ያ ክፍል ከመጀመሪያውም የችሎቱ አካል ነበር። በፊት ለፊት በር የተከለከለ ነገር በጓሮ በር ከገባ ክልከላው ምን ፋይዳ አለው?

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን

በግድ ወይም በስጋት የወጣ ቃል ከተሰጠበት ክፍል ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ህዝበ ሙስሊሙ በዓይኑ አይቷል። የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ዓ.ም ከታሰሩ በኋላ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በመንግስት ቴሌቪዥን ተላለፈ። በእስር ላይ ሳሉ የተቀረፀ ቃላቸው ተቆርጦና ተቀጥሎ በየቤቱ ሳሎን ገባ። ዳኛ ሳይፈርድ ጎረቤት እንዲፈርድ ተደረገ። ታሳሪዎቹ በምርመራ ወቅት ስለደረሰባቸው በደል በችሎት ፊት ተናግረዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

በጊዜው የነበረው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 በድምፅና በምስል የተቀረፀ የተጠርጣሪ የእምነት ቃልን በማስረጃነት እንዲቀበል ለፍርድ ቤት በር ከፍቶ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። አዋጅ ግን ይሻራል፤ ልማድ በአዋጅ ብቻ አይሻርም። ሰውን አስቀምጦ ከአፉ ማስረጃ የመፈለግ ልማድ ዛሬም በየፅህፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ። ያ ታሪክ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ዛሬ የምንናገረው ስለ አስተዳደር ጥሪ ነው። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፦ ቃል አንዴ ከወጣ የተናገረው ሰው ንብረት መሆኑ ያበቃል። የያዘው ሰው ወደፈለገው ይወስደዋል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ሊጠይቀን ይችላል። «ሙስሊም በራሱም ላይ ቢሆን ለእውነት እንዲመሰክር ታዟል። እናንተ እንዴት ዝም ማለትን ታስተምራላችሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

አዎ፣ አላህ በሱረቱ ኒሳእ አማኞች በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በፍትህ እንዲቆሙ አዟል። የሰው ሐቅ ያለበት ሐቁን ይመልስ። ይህ ግን ለአማኙ ህሊና የተሰጠ ትዕዛዝ ነው። ለሹም የተሰጠ ጅራፍ አይደለም። በራስ ፈቃድ ለአላህ ብሎ እውነትን መናገርና በማስፈራሪያ ቃል መነጠቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማዒዝ የተባለው ሰው ስለ ኃጢአቱ ሊናገር ራሱ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጣ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩበት። አራት ጊዜ እስኪደጋግም ድረስ አልተቀበሉትም፤ አእምሮው ጤነኛ መሆኑንም ጠየቁ። በፈቃዱ የመጣ ሰው ቃል እንኳ በዚህ ጥንቃቄ ከታየ፣ ሳይፈልግ ከተጠራ ሰው ቃል ለማውጣት መጣደፍን ከየት አመጣነው?

ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) በመካ ሙሽሪኮች ተሰቃይቶ አንደበቱ ልቡ ያላለውን በተናገረ ጊዜ፣ ልቡ በኢማን የረጋ ሰው በመገደዱ እንደማይያዝ አላህ በሱረቱ ነሕል ገልጿል። የፊቅህ ሊቃውንትም ኢቅራር ተቀባይነት እንዲኖረው ሰውየው በፈቃዱ የተናገረ መሆን እንዳለበት በመስፈርትነት አስቀምጠዋል። ኢክራህ ባለበት ኢቅራር አይፀናም። ሰለላና የሰውን ነውር መከታተል ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የአንድን ሰው ግድግዳ ዘልለው በጥፋቱ ላይ ባገኙት ጊዜ፣ ሰውየው እሳቸው መሰለላቸውን፣ በበሩ አለመግባታቸውንና ሰላም አለማለታቸውን ቆጥሮ እንደመለሰላቸው፣ እሳቸውም እንደተውት ይተረካል። የአማኞች መሪ በጓሮ ያገኙትን ማስረጃ ከተዉ፣ የወረዳ ሹም በጓሮ የሚሰበስበውን ቢተው አይዋረድም።

«ታዲያ አስተዳደር እንዴት ይሰራ?»

ሌላም ጥያቄ አለ፣ ይህም ቀላል አይደለም። ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ሲጎድል ሊጠየቅ አይገባምን? መምህር ተማሪ ሲደበደብ ያየውን ሊናገር አይገባምን? ሁሉም «ዝም እላለሁ» ካለ መስሪያ ቤት እንዴት ይቆማል?

እኛ መልሳችን ግልፅ ነው፤ መጠየቅ አለባቸው። የመስጂዳችን ኮሚቴ የሶደቃውን ሒሳብ ለጀማዓው እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ የህዝብ ሐላፊነት የተሸከመ ሰው ስለ ስራው መልስ መስጠት አለበት። እኛ የምንቃወመው አስተዳደር ጥያቄ ማቅረቡን አይደለም። የምንቃወመው በአስተዳደር ስም የተገኘ መልስ ለወንጀል ክስ መዋሉን ነው። መርሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለፃል፦ መልሱን በግድ ከፈለጋችሁ ለክስ አትጠቀሙበት፤ ለክስ ልትጠቀሙበት ከሆነ አታስገድዱ።

ይህ እኛ የፈለሰፍነው አይደለም። በሌሎች አገሮች ረጅም ክርክር ተካሂዶበት የተደረሰበት ነው። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ግዛት፣ የትራፊክ ክስ መዝገቦችን አዛብተዋል የተባሉ ፖሊሶች በአስተዳደር ምርመራ ላይ መልስ ካልሰጡ ከስራ እንደሚሰናበቱ ተነገራቸው። መለሱ። መልሳቸው በወንጀል ችሎት ቀርቦ ተፈረደባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1967 ፍርዱን ሻረው። ሰውን ከእንጀራውና ራሱን ከመወንጀል አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ማስገደድ ነው፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ቃልም በወንጀል ክስ ላይ ሊውል አይችልም አለ። እዚያም ቢሆን መስሪያ ቤት ስለ ስራ መጠየቅ አልተከለከለም። የተከለከለው ሁለቱን መቀላቀል ነው።

በእንግሊዝም የአንድ ትልቅ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ኧርነስት ሳንደርስ በመንግስት ተቆጣጣሪዎች ፊት ህጉ አስገድዷቸው መልስ ሰጡ፤ እምቢ ቢሉ ይቀጡ ነበር። መልሳቸው በወንጀል ችሎት ተነበበባቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1996 ይህ ፍትሃዊ የዳኝነት ሂደትን የጣሰ ነው ሲል ወሰነ። ተቆጣጣሪዎቹ መጠየቃቸውን አልኮነነም፤ የኮነነው በግድ የተሰጠውን መልስ ዐቃቤ ህግ መጠቀሙን ነው።

እነዚህ ፖሊሶችና ያ ባለፀጋ ሰው ሙስሊሞች አልነበሩም፣ የተጠየቁትም ስለ ሃይማኖት አልነበረም። መብቱ የማንም ወገን ንብረት አለመሆኑን ያሳዩናል። ነገ በዚያች ወንበር ላይ የሚቀመጠው ክርስቲያን ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። ለእሱም እንጠይቃለን።

ስለ እምነት የሚቀርብ ጥያቄ ግን ከዚህም የተለየ ነው። ህገ መንግስቱ በአንቀፅ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት ለመያዝ ያለውን ነፃነት በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብን ከልክሏል። በአንቀፅ 11 ደግሞ መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ተደንግጓል። የየትኛውን ኡስታዝ ደርስ እንደምንከታተል፣ እንዴት እንደምንሰግድ፣ የትኛውን አመለካከት እንደምንደግፍ ለመስሪያ ቤት ኮሚቴ የምንመልስበት ምክንያት የለም። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያውም በዚያ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አልነበረበትም።

የምንጠይቀው ምንድን ነው?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ስነ ስርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን በፅሁፍና በምክንያት እንዲሰጡ፣ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔው እንዲመረመርለት የሚጠይቅበትን መንገድ ዘርግቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በሩ ከተከፈተ ደግሞ መብቱ ሙሉ ሆኖ ይግባበት። በፌዴራልም ሆነ በክልል፣ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በወረዳ፣ ጥያቄያችን አራት ነው።

አንደኛ፣ የጥሪ ደብዳቤ ጉዳዩን በግልፅ ይግለፅ። ሰው ለምን እንደተጠራ ሳያውቅ መልስ ሊያዘጋጅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ወደ ወንጀል የሚወስድ ከሆነ ተጠሪው ያለመመለስ መብት እንዳለው ከመጀመሩ በፊት ይነገረው፤ መነገሩም በቃለ ጉባኤው ላይ ይፃፍ።

ሶስተኛ፣ ዝምታ እንደ ጥፋት ማመን አይቆጠር። ኮሚቴው ጥፋት አለ ካለ በራሱ ማስረጃ ያሳይ።

አራተኛ፣ በቅጣት ስጋት የተሰጠ የአስተዳደር ቃል በሰጪው ላይ ለወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ፤ ለቴሌቪዥን ደግሞ ፈፅሞ አይሰጥ።

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ ህገ መንግስት አይጠይቁም። ያለው ህገ መንግስት የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የለጠፈው ጥበቃ በፅህፈት ቤቱ በር ላይም እንዲለጠፍ ነው የምንለው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ህጉ ክፍተት እንዳለው ከላይ ተናግረናል፤ ስለዚህ ለጀማዓው ባዶ ተስፋ አንሰጥም። በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ዝም ያለ ሰው በስራው ወይም በትምህርቱ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመቅረባችን በፊት የህግ ባለሙያ ማማከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በየመስጂዱ የህግ እውቀት ያላቸው ወንድሞችና እህቶች ለተጠሩ ሰዎች ጊዜያቸውን ይስጡ፤ ይህ ትልቅ ሶደቃ ነው።

ስንቀርብ በአደብና በሰላም እንቅረብ። ጥሪውን አንናቅ፣ ማንንም አንሳደብ። ጉዳዩ በፅሁፍ እንዲሰጠን እንጠይቅ፤ ከተቻለ መልሳችንንም በፅሁፍ እንስጥ። ስለ ስራችን የተጠየቅነውን በእውነት እንመልስ። ውሸት አንናገር፤ ውሸት በዲናችን ሐራም ነው፣ በችሎትም መልሶ የሚይዘን ወጥመድ ነው። ወደ ወንጀል የሚወስድ ጥያቄ ሲመጣ «ይህን ጥያቄ የህግ ባለሙያ ሳላማክር አልመልስም» ማለት ውሸትም ድፍረትም አይደለም። ይህ ቃላችን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር እንጠይቅ። ያላነበብነውን አንፈርም። ያልተናገርነው ተፅፎ ካገኘን ከፊርማችን በላይ ልዩነታችንን እንፃፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠየቁንን ሰዎች ኃላፊነትና የተጠየቅነውን ቤታችን ገብተን ሳንረሳ እንመዝግብ።

ከሁሉም በላይ የማናውቀውን ስለ ሌላ ሰው አንናገር። «መሰለኝ» ብለን የጣልነው ስም ነገ በአንድ ወንድም ወይም እህት መዝገብ ላይ ይገኛል። በግምት የተነገረ ቃል ምስክርነት አይደለም፤ አማና ማጉደል ነው።

በመጨረሻም ከመንግስት የምንጠይቀውን በራሳችን ቤትም እንፈፅመው። መጅሊስም ሆነ የመስጂድ ኮሚቴ ወይም የመድረሳ አስተዳደር አንድን ኢማም ወይም ኡስታዝ በቅሬታ ሲጠራ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ በፅሁፍ ያሳውቀው፣ ጊዜ ይስጠው፣ ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው እንዲያመጣ ይፍቀድለት። ከጓዳችን የወጣ ቃለ ጉባኤ ተቀድቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንዳይሄድ ይጠበቅ። ለሌላው የምንለምነውን ፍትህ ለራሳችን ሰው ከነፈግን ጥያቄያችን ክብደት አይኖረውም።

የጠየቅነው ከህግ በላይ መሆንን አይደለም። ያጠፋ ሰው በማስረጃ ይጠየቅ፣ በዳኛ ፊት ይቅረብ፣ የተገባውን ይቀበል። ማስረጃውን ግን የሚያመጣው ከሳሹ ነው። ከተከሳሹ አንደበት፣ ያውም በእንጀራው አስፈራርቶ የሚቆፈር ማስረጃ ከሳሹ ባዶ እጁን መምጣቱን ብቻ ይመሰክራል።

አላህ አንደበታችንን ከውሸትም ከግድም ይጠብቅልን። በሐቅ የሚጠይቁና በሐቅ የሚመልሱ ሰዎችን ለአገራችን ያብዛልን። አሚን!

በሰላማዊ መንገድ መጠየቃችንን እንቀጥላለን፣ ኢንሻ አላህ!

አላሁ አክበር!